ሳህን የገለበጠው ባል

ሰውዬው የኖሪስን ሚስት የእጅ አንጓ ይዟል።

ኖሪስ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ያያል። የሽሩስበሪው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከጠዋት ጀምሮ ጢም ብሏል። ሊገዛ የመጣውም፣ ሊያይ የመጣውም፣ ዝናብ የሸሸውም አንድ አዳራሽ ውስጥ ታጭቋል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ለኖሪስ የሚታየው አንድ እጅ ብቻ ነው። የኦብሪ ፔል እጅ።

ፔል አንጓዋን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው። ጣቶቿ መሀል ጆሮ የሌላት ትንሽ የሻይ ሲኒ አለች። ነጭ ፖርሴሊን፣ ሰማያዊ አበባ የተሳለባት፣ ሁለት መቶ ዓመት ያለፋት።

«አየሽ?» አላት። «ብርሃኑ ሲያልፍባት አረንጓዴ ይላል። ዎስተር ማለት ይኼ ነው።»

ሙሪየል አፏን ከፍታ ቀረች። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዋ አይታ የማታውቅ መሰለች።

የኖሪስ ቆሽቱ አረረ። ይኼን ያስተማራት እሱ ነው እኮ። ክረምቱን ሙሉ፣ በተከራዩት ቤት ኩሽና ቁጭ አድርጎ፣ ሲኒ እያነሳ ሲኒ እያስቀመጠ። የዎስተር ፋብሪካ ዕቃ ብርሃን ላይ አረንጓዴ ይላል፤ የካፍሊ ፋብሪካ ዕቃ ብርቱካናማ ይላል። ተሰብሮ የተጠገነ ቦታ ብርሃን አያሳልፍም፤ ጥርስ ላይ ሲነካ «ቅጭ» አይልም። ይህን ሁሉ እየማለ እየተገዘተ ሲያስረዳት ያን ጊዜ አፏን የከፈተችው ለማዛጋት ነበር። አሁን ለፔል በአድናቆት ከፈተችለት።

በእርግጥ ሚስቱ አይደለችም።

እሱም ቢሆን በገበያው እንደሚታወቀው ዴኒስ አሽዳውን አይደለም። የኬንት ሰው አይደለም፤ የባንክ ጸሐፊም ሆኖ አያውቅም። ኖሪስ ብሉር ይባላል፤ የመንግሥት ሰላይ ነው። ቢሮው «ድስት» ይለዋል፤ እሷን ደግሞ «ክዳን»። ስሙን ያወጣላቸው አለቃቸው ነው፤ ተጫዋች ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው። ያኔ ሦስቱም ስቀው ነበር። ሰሞኑን ግን ኖሪስን አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳዋል። ክዳን የሚገጥመው ለአንድ ድስት ብቻ አይደለም።

የተሰጣቸው ሥራ ይህ ነው። ፔል በሰቨርን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቢውድሊ ከተማ የታወቀ የፖርሴሊን ነጋዴ ነው። ከሰሜን አንድ የመርከብ ግንባታ ሠራተኛ የሰርጓጅ መርከብ ንድፍ በፊልም እያነሳ ይልክለታል። ፔል ፊልሙን በተጠገነ አሮጌ ዕቃ ውስጥ ይቀብረዋል። አንድ ቤልጂጋዊ ደንበኛው ዕቃውን ገዝቶ በመርከብ ይሻገራል። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ የሚገባበት አገር ይታወቃል።

ባልና ሚስት ሆነው የተላኩትም ለዚህ ነው። ሚስትየው ነጋዴውን ታለሰልሳለች። ባልየው ስለ ዕቃው አንዳች የማያውቅ፣ የሚስቱን ውርስ የሚሸጥ፣ ቀናተኛ ጅል ይሆናል። በጅል ፊት ማንም ምንም አይደብቅም። ቅናቱ ትወና ነበር። መጀመሪያ ላይ።

አሁን ትወና መሆኑ ቀርቷል። ኖሪስ ወዷታል፤ በቃ፣ ሌላ ስም የለውም። እውነተኛ ስሟን እንኳ አያውቅም። ደንቡ ነው፤ አብረው የሚሠሩ ሰዎች አይነጋገሩትም፣ ሥራው ሲያልቅ አንዱ ባቡር ወደ ደቡብ፣ ሌላው ወደ ሰሜን። እሱ ግን ቆርጧል። ያለቀ ቀን ስሟን ይጠይቃታል። ከዚያ አብራው ትኖር እንደሆነ ይጠይቃታል። እውነቱን ለመናገር ከሰርጓጅ መርከቡ ይልቅ ይኼ ነገር ይበልጥበታል።

ፔል ጸጉሩን በጣቱ ወደኋላ መልሶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። ሙሪየል ቀስ ብላ መጣች። ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ ተናገረች።

«ነገ ምሳ ጋብዞናል። ሁለታችንንም።»

«ዕቃው?»

«መጥቷል። ለቤልጂጉ ስድስት ዕቃ አዘጋጅቷል። ፊልሙ አንዱ ውስጥ ነው።»

«የትኛው?»

«አልነገረኝም። ገና በደንብ አላመነኝም።»

«ገና? ደግሞ ምን ቀረው?»

ቀና ብላ አየችው። «ቅናትህን ለገበያተኛው አሳይ። ለእኔ አታሳየኝ።»

ሲኒዋን ከሌሎቹ ጋር አስተካክላ ሄደች። ኖሪስ ቀኑን ሙሉ ለሚጠይቁት ሁሉ የተሳሳተ መልስ ሰጠ። የጅል ሥራው እንዲህ ቀሎት አያውቅም።

*

አለቃቸውን «ቄሱ» ይሉታል። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ዕለት ምሽት በኪደርሚንስተር ባቡር ጣቢያ ሻይ ቤት ጥግ ይዞ ኖሪስን ጠበቀው። ሻዩን እያማሰለ ነገሩን በአጭሩ ነገረው።

ቤልጂጉ ከነገ ወዲያ በምሥራቁ ወደብ ይሳፈራል። ጉምሩክ ይፈትሸዋል። ፈታሹ የቢሮው ሰው ነው፤ አንድ ዕቃ ከእጁ ያመልጠዋል።

«አንድ ብቻ» አለ ቄሱ። «አንድ ቢሰበር አደጋ ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሁለተኛ ከሰበርን ሰውዬው ኤምባሲውን ይጠራል፣ ጋዜጣ ይመጣል፣ የሰሜኑ ሰላይ ይሰወራል። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ አንተ ትነግረኛለህ። ግምት አልፈልግም።»

«እሺ ጌታዬ።»

«ክዳን ፔልን ለትንሽ ጊዜ ከቤት ታወጣልሃለች።»

ኖሪስ የት እንደምትወስደው ጠየቀ። ቄሱ ማንኪያውን አስቀመጠና ረጅም ጊዜ አየው። ጤንነቱን ጠየቀው፤ እንቅልፍ ይተኛ እንደሆነ ጠየቀው። ኖሪስ ደህና ነኝ አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

*

የፔል ቤት ከወንዙ ፊት ለፊት ነው። በሩን ራሱ ከፈተ። የሙሪየልን ካፖርት ራሱ ተቀበለ፤ የኖሪስን ግን ወንበር ላይ እንዲጥለው በአገጩ አሳየው።

ስድስቱ ዕቃዎች መስኮቱ ሥር፣ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። ጭድ የሞላበት ሣጥን ከጎናቸው ተከፍቷል። አንድ ኩባያ፣ የስጎ መጨመሪያ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ የወተት ማንቆርቆሪያ፣ በቅጠል ቅርጽ የተሠራች ጠፍጣፋ ሳህን፣ የሻይ በራድ። ሁሉም ሰማያዊ በነጭ። ሁሉም ያማሩ። ኖሪስ አፍጥጦ አያቸውና እነዚህ ነገሮች ማሽን ውስጥ ይታጠባሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። ፔል ዓይኑን ጨፈነ።

«ኦብሪ» አለች ሙሪየል፣ «ጽጌረዳህን አሳይሻለሁ ብለኸኝ አልነበር?»

ኦብሪ! ስሙ አፏ ላይ እንዴት ነው የሚጣፍጠው! ፔል ክንዱን ሰጣት። በር ላይ ዞር ብሎ ኖሪስን «አደራ፣ ምንም እንዳትነካ» አለው። ወጡ።

ጊዜው አጭር ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ከዚህ የተሻለ ብርሃን አይገኝም።

ኩባያዋን አነሳ። አረንጓዴ። ጥርሱ ላይ ነካት፤ ቅጭ። ንጹሕ።

በመስኮቱ በኩል አትክልቱ ቦታ ይታያል። ፔል አጎንብሶ አበባ ያሸታል። እሷ አጠገቡ ናት። በጣም አጠገቡ።

የስጎ መጨመሪያዋ አረንጓዴ። ቅጭ። የወተቷም እንደዚያው።

ጎድጓዳውን ሳህን ብርሃን ላይ ያዘው። ብርቱካናማ። ወይ ጉድ፣ ካፍሊ ነው! መቀመጫው ላይ የዎስተር ፋብሪካ ምልክት የሆነው ግማሽ ጨረቃ ተስሎበታል፤ ቀለሙ ግን ትናንት የተቀባ ነው። ፔል የራሱን ቤልጂግ እንኳ ከማታለል አይመለስም። ሰላይነቱ ሳያንሰው ሌባ ነው። ኖሪስ ይህን በማወቁ ከሚገባው በላይ ደስ አለው። ጥርስ ላይ ግን ቅጭ አለ፤ ያልተጠገነ ነው።

ቀና አለ። ፔል አንድ ጽጌረዳ ቀጥፎ ጸጉሯ ላይ እየሰካላት ነው።

ሳቀች። ድምፁ በመስታወቱ አልፎ መጣ። እንዲህ ያለ ሳቅ ኖሪስ ሰምቶባት አያውቅም። ከሆዷ የወጣ፣ ልጅ የሆነችበት ሳቅ። ለእሱ ስትስቅለት በአፍንጫዋ ነው። ሳህኑን ቶሎ ጨርቁ ላይ መለሰው።

ቀጠለ። ቅጠል መሳይዋ ሳህን። አረንጓዴ ብላ ብላ ጠርዟ ላይ ጨለመች። ጥርሱ ላይ ነካት፤ እንጨት የነካ መሰለው። ጥገና! አገኘኋት ብሎ ሊያስቀምጣት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ለራሱ አለ። እንደገና አያት። ከብስኩት የሳሳች ናት። በዚህች ውስጥ ፊልም ቀርቶ ክር አይቀበርም። ፔል ሆን ብሎ ያስቀመጣት ማታለያ ናት፤ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ እሷን አግኝቶ እንዲሄድ።

የቀረው በራዱ ነው። ሆዱ አረንጓዴ። አፉ አረንጓዴ። ሲያዘነብለው ግን መቀመጫው ድፍን ጨለማ ሆነ። ከንፈሩ ላይ አስጠጋው። ሌሎቹ ሁሉ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ይኼ ሞቅ ይላል። ጥርስ ላይ ድምፅ የለውም። ውፍረቱም ይበቃል።

በራዱ ነው።

የበሩ እጀታ ዞረ።

ኖሪስ በራዱን አስቀምጦ አፍንጫውን ሲያብስ ደረሱ። ጽጌረዳዋ ጸጉሯ ላይ አለች። ጉንጯ ቀልቷል። ፔል ምሳ ቀርቧል አለ።

*

ፔል የአሳማ ታፋ በረጅም ቢላዋ ይቆርጣል። ሙሪየል በቀኙ ተቀምጣለች። ኖሪስ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ባዶ ሳህን ከፊቱ። ፔልና እሷ ስለ ብሩጅ ከተማ ያወራሉ። ፔል ቤልጂጉን እስከ ወደቡ ሊሸኘው ነው፤ ሙሪየልም ባሕር አይታ የማታውቅ ከሆነ አብራው ብትሄድ ምን አለበት ይላል። ባልሽም ቢፈቅድ ብሎ ሳቀ።

እሷ ባሏን አላየችም። «እሱን ተወው» አለች።

ኖሪስ ጽጌረዳዋን ያያል። ለምን አላወጣቻትም? ቤት ገብተናል እኮ። ፔል ሰናፍጩን ሲያቀብላት ጣታቸው ተነካካ። ለምን ቶሎ አልሰበሰበችም? እጁ ሥራ ሲፈታ ጊዜ የራሱን ሥራ ጀመረ።

ሳህኑን ገለበጠ።

ይህን ማንም የኬንት ሰው አያደርገውም። ኖሪስ በተወለደበት በበርስለም ግን፣ ሁሉም ሰው ከሸክላ ፋብሪካ ተወልዶ ሸክላ ፋብሪካ በሚሞትበት አገር፣ ሰው ግብዣ ቢጠራ መጀመሪያ ሳህኑን ገልብጦ የማን ሥራ እንደሆነ ያያል። ከዚያ ነው ሰላምታው። ሰርግ ላይ ይገለብጣሉ፤ ለቅሶ ቤት ይገለብጣሉ። የኖሪስ አባት ሆስፒታል ተኝቶ የሾርባውን ሳህን ሊገለብጥ አልጋውን አበላሽቷል። ዓመል ያወጣል ከመሐል።

ቢላዋው ቆመ።

ኖሪስ ሳህኑን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ። ምልክቱን እያነበበ ነበር። እያነበበ እንደሆነ ዓይኑ ተናግሯል።

ፔል ቀና ብሎ አየው።

«እናቴ እንደዚህ ነበረች» አለ ፔል ቀስ ብሎ። «የሸክላ ሠሪዎቹ አገር፣ ሃንሊ ነው ያሳደገችኝ። ለማንም አልነግርም እንጂ የዚያ አገር ልጅ ነኝ። ይኼን ዓመል ለማጥፋት ስንት ዓመት ፈጀብኝ።» ቢላዋውን አላስቀመጠም። «አንተ ከኬንት አይደለህም። ስለ ሸክላም ታውቃለህ። ማነህ?»

ኖሪስ ሳህኑን አስቀመጠ። የሠለጠነበት ሁሉ፣ የሸመደደው ሁሉ ከጭንቅላቱ በኖ ወጣ። በአእምሮው የቀረችው ያቺ ጽጌረዳ ብቻ ናት።

ሙሪየል የገበታ መሀረቧን አጠፈች።

«የበርስለም ልጅ ነው» አለች። «ሌባ ነው፣ ኦብሪ። ጅል መስሎ ሰው ቤት ይገባል። ባለቤቱ ሲንቀው ውድ ውዱን ለይቶ በርካሽ ይገዛል። ሦስት ከተማ እንዲህ አድርጎ ተባሯል። እኔን ማጥመጃ አድርጎ። አንተንም ሊያራቁትህ ነው የመጣው።»

«አንቺስ?» አለ ፔል። ቢላዋው አሁን ወደ እሷ ዞሯል።

«እኔ ሰለቸኝ። እሱ ይውጣ። እኔ እዚህ ነኝ፣ ከፈቀድክልኝ።» እጇን ፔል እጅ ላይ አሳረፈች። ቢላዋ በያዘው እጅ ላይ።

ፔል አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ። ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። ሌባ ሌባን ሲያውቀው ደስ ይለዋል፤ ሰላይ ነው ብሎ የፈራው ሰውዬ የሙያ ወንድሙ ሆኖ አገኘው። ቢላዋውን ታፋው ላይ ሰካው። ኖሪስን ኮሌታውን ይዞ በኮሪደሩ እየገፋ አወጣው። እያወጣው ትንሽ ትምህርትም ሰጠው። የሰው ዕቃ መመኘት ምንም አይደለም አለ፤ የራስህን መጠበቅ ካልቻልክ ግን ገበያ አትውጣ። በሩ ተዘጋ። የኖሪስ ካፖርት ውስጥ ቀረ።

ድልድዩን በሸሚዝ ተሻገረ። ግማሽ ልቡ አዳነችህ ይለዋል። በዚያ ቢላዋ ፊት ከዚህ የተሻለ ውሸት ማን ይፈጥራል? ሌላው ግማሽ ያንን ሳቅ አስታወሰው። «ሰለቸኝ» ስትል ዓይኗ ውስጥ ውሸት ፈልጎ አላገኘም። ሰላይ ነው፤ ውሸት ሲያይ ማወቅ አለበት። ወንዙ ዳር የመንገድ ስልክ እስኪደርስ ድረስ ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያውን በልቶ ጨርሶታል።

ደወለ።

«ድስት ነኝ።»

«ተናገር» አለ ቄሱ።

«በራዱ ነው። መቀመጫው ሥር። ቅጠል መሳይዋ ማታለያ ናት።»

«እርግጠኛ?»

«እርግጠኛ። እኔ ተባርሬያለሁ፤ እሷ ቀርታለች። ነገ ከፔል ጋር ወደብ ትመጣለች።»

«ጥሩ። ሌላ አለ?»

እዚህ ላይ ዘግቶ መሄድ ይችል ነበር። ስንቱ ሰው በዚህች ቦታ ዘግቶ ሄዶ ደህና ኖሯል። በስልክ ክፍሉ መስታወት ከወንዙ ማዶ የፔል ቤት ይታያል። ፎቅ ላይ አንድ መጋረጃ ተዘጋ። በጠራራ ፀሐይ!

«አለ» አለ ኖሪስ። «ክዳን ከድታለች።»

ከመስመሩ ማዶ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

«ምን አይተህ ነው?»

«በዓይኔ አይቻለሁ። ከሱ ወግናለች። ነገ ከሱ ለይታችሁ እንዳታዩዋት።»

«ይህ ክስ ነው፣ ድስት። ይመዘገባል።»

«ይመዝገብ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መልሶ ለመደወል እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው ለእንዲህ ያለ ሰው ነው።

*

በማግስቱ በምሥራቁ ወደብ ኖሪስ የዕቃ ተሸካሚ ሰማያዊ ልብስ ለብሶ ጋሪ ይዞ ቆሟል። ነፋሱ ጨው ጨው ይላል። መርከቡ ጭሱን እየለቀቀ ነው።

ሦስቱ አብረው መጡ። ቤልጂጉ አጭር፣ ወፍራም፣ ሣጥኑን እንደ ሕፃን ያቀፈ። ፔል በግራጫ ኮፍያ። ሙሪየል ክንዱን ይዛ።

ፈታሹ ሣጥኑን ከፈተ። ኩባያዋን አወጣ፤ አደነቀ፤ መለሰ። ሳህኑን አወጣ፤ መለሰ። ቤልጂጉ በእያንዳንዱ ላይ ቀስ በል ይላል። ፈታሹ በራዱን አወጣ። ለማየት ከፍ አደረገው።

ወደቀ።

ሁለት መቶ ዓመት የቆየ ዕቃ ሲሚንቶ ላይ ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ ትንሽ ነው። ሰማያዊና ነጭ ስብርባሪ መሀል አንድ የነጭ ጄሶ ድቡልቡል ተንከባለለ። ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ ጥቁር ጥቅልል ነበረ።

ቤልጂጉ ሊሮጥ ሞከረ፤ ሁለት ሰዎች ያዙት። ፔል አልሮጠም። ስብርባሪውን ነው ያየው፤ ያን ጊዜ ብቻ ፊቱ ላይ የእውነት ሐዘን ታየ። ካቴና ገባለት።

ከዚያ ለሙሪየልም ገባላት።

ማንም አልለያትም። ማንም በክንዷ ይዞ ወደ ጎን አላወጣትም። በሕዝቡ ፊት ከፔል ጋር እኩል አስቁመው ፈተሿት። ኖሪስ ጋሪውን ጨብጦ ያያል። ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው፤ አጥንቱ ድረስ። ከዚያ ሙሪየል ጭንቅላቷን አዙራ ሕዝቡን በዓይኗ ቃኘች፤ አንድ ሰው ትፈልግ ነበር። ኖሪስ ከጋሪው ጀርባ ዝቅ አለ።

*

ቄሱ ወደቡ አጠገብ ባለች ዓሣ ቤት ቁጭ ብሎ ድንች እየበላ ነበር። የሰሜኑ ሠራተኛ ጠዋት ከአልጋው እንደተያዘ ነገረው። ሥራው አምሯል አለ፤ በራዱን ስለለየ አመሰገነው። ኖሪስ ስለ እሷ ጠየቀ። ቄሱ በኋላ በር ከተለቀቀች ግማሽ ሰዓት እንዳለፈ ነገረው። ካቴናው ለፔል ዓይን ነው፤ ከመጀመሪያውም የታሰበ ነበር።

«ተለቀቀች? እኔ ግን ነግሬዎት…»

«ነግረኸኛል።» ቄሱ አፉን ጠረገ። «ከወር በፊት መጥታ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ። ‹የበርስለም ሰው ነው፣ ጌታዬ። ጠዋት ጠዋት የቁርስ ሳህኑን ይገለብጣል፤ ማድረጉን እንኳ አያውቅም። አንድ ቀን ፔል ፊት ይገለብጣል፤ ያን ቀን ይገድለዋል› አለችኝ። የሌብነቱን ታሪክ የፈጠረችው እሷ ናት። ሦስቱን ከተማ ጨምሮ። አንተን በሕይወት ከዚያ ቤት ለማውጣት ቃል በቃል ስትለማመደው ነበር።»

ኖሪስ ወንበሩን ያዘ። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብታውቅ ፊትህ ያስታውቅ ነበር። እንደዚያ ተቃጥለህ መውጣት ነበረብህ።»

ውጭ መርከቡ ጮኸ። ቄሱ አንድ ድንች አነሳ፤ ሳይበላው መለሰው። እንዲህ ሲሆን ኖሪስ አይቶት አያውቅም።

«ሌላም ነገር ጠይቃኝ ነበር» አለ። «ሥራው ሲያልቅ ስሟን እንድትነግርህ ፈቃድ። ሥራውን ለቅቃ ከአንተ ጋር ለመኖር። እንዲህ ያለ ነገር ፈቅጄ አላውቅም። ለእሷ ፈቀድኩላት።»

«የት ናት? አሁኑኑ ላግኛት።»

«ደንቡን ታውቃለህ። አንዱ ሠራተኛ ሌላውን ከከሰሰ ክሱ ለተከሳሹ ይነበባል። ዛሬ አነበብኩላት።»

«ምን አለች?»

«ሁለተኛ ጊዜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። ከዚያ ፈቃዱን መለሰችልኝ።»

ኖሪስ የት እንደሄደች ጠየቀ። በየትኛው ባቡር፣ በየትኛው መንገድ። ቄሱ አልመለሰለትም። ሒሳቡን ከፍሎ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ትከሻውን መታ አድርጎት ወጣ።

*

ከጥቂት ወራት በኋላ ኖሪስ በዮርክሻየር ባሕር ዳር ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ ተላከ። አዲስ ስም ተሰጠው፤ ኸርበርት ስኬልተን። አዲስ ሥራ፤ ሰዓት ጠጋኝ። ወደቡን የሚገቡ የሚወጡትን ጀልባዎች ማየት እንጂ ሌላ የሚፈለግበት የለም። ቢሮው አዲስ ታሪክም አዘጋጀለት፤ ሚስቱ የሞተችበት ሰው። ለብቻው የሚኖር ወንድ ሰፈር ውስጥ ወሬ ያስነሳል፤ ሚስቱ የሞተችበትን ግን ሁሉም ይተወዋል።

በገባ በሳምንቱ ጎረቤቱ ሚስስ ኦድሮይድ የፖም ኬክ ይዛ መጣች። ስልሳውን ያለፈች፣ ባሏን ባሕር የበላባት ሴት ናት። ስለ ሚስቱ እንደሰማች፣ እንዳዘነች፣ እሷም ያንኑ ሐዘን እንዳየችው ነገረችው። አብረው ብዙ ዓመት ኖረው እንደሆነ ጠየቀችው። ብዙም አይደለም አለ። ይወዷት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። እወዳት ነበር አለ፤ ይኼን ለመናገር መዋሸት አላስፈለገውም።

«ስማቸው ማን ነበር?»

ቢሮው ስም አላወጣላትም። ደስ ያለህን በል ብለውታል። በአገሩ ያለ የሴት ስም ሁሉ ፊቱ ነው፤ አንዱን ማንሳት ብቻ ነበር የሚፈለግበት። አፉን ከፈተ። አንዱንም ሊላት አልሆነለትም። ከነዚያ ሁሉ ስሞች አንዱ የእሷ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም።

ሚስስ ኦድሮይድ እጁን ያዝ አደረገችው።

«ይቅር፣ ይቅር» አለች። «ሲለምዱት ይነግሩኛል።»

ከዚያ ቢላዋ የት እንዳለ ጠየቀችውና ኬኩን ቆረጠችለት።